ቀዳዳ ፈላጊ

ባለፈው ዓመት ከወልድያ ወደ ቆቦ ስወርድ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ጎብዬ ላይ ጎማው ፈነዳ። ረዳቱ ጎማ እስኪቀይር ጥላ ፍለጋ ስሄድ አንድ ዳቦ ቤትና አንድ ብየዳ ቤት ግድግዳ ተጋርተው አገኘሁ። ዳቦው ገና ከምድጃ እየወጣ ነው፤ ጎረቤቱ ደግሞ የመስኮት ፍርግርግ ይበይዳል። ሁለቱ ሽታዎች ሲቀላቀሉ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ለሌላ ሰው የማይስማሙ ሽታዎች ናቸው፤ አንዱ ያስርባል፣ አንዱ ጉሮሮ ይከረክራል። ለእኔ ግን ሁለቱም አንድ ክረምት ናቸው፤ አባቴ ቆቦ ላይ ጀልባ የሠራበት ክረምት።

አዎ፣ ቆቦ ላይ ነው ያልኩት። ይህን ስናገር የሚስቁብኝን ሰዎች ለምጃቸዋለሁ፤ ያኔም ተስቆብናል። የእኛ አገር ሰው ውሃን የሚያውቀው ሲሮጥ ነው። ደጋው ላይ ይዘንባል፤ እኛ ፀሐይ እየጠበሰን ሳለ ጎርፉ በአሸዋው ወንዝ እያጓራ ይደርሳል፤ ገበሬው አካፋውን ይዞ ሮጦ ወደ ማሽላው ይጠልፈዋል፤ ከዚያ በኋላ ውሃ የለም። አንድ ቦታ ተኝቶ ሰው የሚጠብቅ ውሃ አይቼ አላውቅም ነበር። ስለዚህ አባቴ "ጀልባ ልሠራ ነው" ሲል ጎርፉን ተከትሎ ወደ አፋር ሊወርድ መሰለኝ። ያሳሰበኝ ስንቁ ብቻ ነበር።

ነገሩን ያመጣችው ታላቅ እህቴ ከድጃ ናት። ደሴ መዳረሻ ላይ ካለው ሐይቅ ማዶ፣ በታንኳ ብቻ በሚደረስበት መንደር፣ አህመድ ለሚባል ዓሣ አጥማጅ ተድራ ነበር። የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው በእናት ቤት ነውና፣ እኔ አምስተኛ ክፍል በጨረስኩበት ዓመት ሆዷን ገፍታ ቆቦ መጣች። ይዛው የመጣችው ወሬ ግን ክፉ ነበር። የአማቷ የልጅ ልጅ፣ ገና መናገር የጀመረ ሕፃን፣ ከሣር ታንኳ ላይ ወድቆ ሐይቁ ውስጥ ቀርቷል። እናቴ ይህን ስትሰማ እጇን አገጯ ላይ አደረገች።

"ከድጃ አራስ ልጇን ታቅፋ ሣር ላይ አትሳፈርም" አለች። "ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው። የሚታመን ነገር ካላመጡ ልጄ እዚሁ ትቀመጣለች፤ ወላሂ አልሰዳትም።"

እናቴ ወላሂ ካለች አለቀ። የከድጃ አማቾች ሽማግሌ ልከው መከሩ፣ መንደሩ ተሰብስቦ የብረት ላሜራ የሚገዛበትን አዋጣ፣ ሠሪው ማን ይሁን ሲባል ደግሞ አባቴ "ልጄ የምትሳፈርበትን ሌላ ሰው አይሠራውም" ብሎ ነገሩን ዘጋው። ጀልባው ከተሠራ ከድጃ ወደ ባሏ ትመለሳለች፤ ካልተሠራ ትዳሯ እዚያው ላይ ቆመ ማለት ነው። ሴቶቹ አህመድ ሌላ ሊያገባ እንደሚችል ከአሁኑ ያንሾካሹኩ ነበር።

እኔ ደግሞ እንዲያገባ ነበር የምፈልገው። ከድጃ ስትመጣ ቤታችን ሞቀ። ጸጉሬን እየሠራች ታሪክ ታወራለች፣ አብራኝ ትተኛለች፣ እናቴ ስትቆጣኝ መሐል ትገባለች። አንድ ጊዜ ወስደውብኛል፤ ሁለተኛ እንዲወስዷት አልፈልግም። ያን ጀልባ ገና ላሜራው ሳይራገፍ ጠልቼዋለሁ።

አባቴ ሰይድ በያጅ ነው። ቤታችን ፊት ለፊት፣ ከአስፋልቱ ዳር ብየዳ ቤት ነበረው። "ሰይድ የበየደው በር ሌባ ያስለቅሳል" ይባልለት ነበር። ይባልለት ነበር ስል፣ አብዝቶ የሚለው ራሱ ነው። ትሕትና የሚባል ነገር አልፈጠረበትም፤ እኔም የወጣሁት እሱን ነው። ላሜራው መጥቶ ግቢያችን ውስጥ ሲራገፍ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይፎክር አየሁት። ዙሪያውን ዞረ፣ በእጁ ዳሰሰ፣ ቆመ።

"ላሜራው ደህና ነው" አለ። "ጀልባ በላሜራው አይሰጥምም። በስፌቱ ነው የሚሰጥም።"

ስፌት የሚለው ሁለት ላሜራ በብየዳ የሚገጥምበትን መስመር ነው። ስፌቱን የሚሠራው ደግሞ ኤሌክትሮዱ ነው፤ ልባስ የለበሰው ቀጭን የብረት ዘንግ፣ እየቀለጠ ክፍተቱን የሚሞላው። በማግስቱ አባቴ በእጁ ያሉትን የኤሌክትሮድ ዓይነቶች ሁሉ አውጥቶ ጣውላ ላይ ደረደረ። በእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ቁራጭ ላሜራ እየበየደ፣ ብረት መቆንጠጫው ሞርሳ ላይ እያሰረ፣ እስኪሰበር በመዶሻ ይቀጠቅጠው ጀመር። በር ሲሠራ እንዲህ ሲያደርግ አይቼው አላውቅም።

መጀመሪያ የሰበረው በዘወትሩ፣ በበርና መስኮት ኤሌክትሮድ የበየደውን ነው። ያ ኤሌክትሮድ ቶሎ ይያያዛል፣ ቅርፊቱ በራሱ ይረግፋል፣ ላዩ ያምራል። ሲሰበር ግን ውስጡ በጥቃቅን ቀዳዳ ተሞልቶ ተገኘ። እኔ ጎንበስ ብዬ አየሁና ደስ አለኝ።

"አባ፣ ይሄኛው ነው የሚሻል" አልኩት። "ዓይን አውጥቷል!"

እኛ ቤት እንጀራ የሚመሰገነው ዓይን ሲያወጣ ነውና፣ ብየዳም እንደዚያው መስሎኝ ነው። አባቴ መዶሻውን አስቀምጦ እስኪያስለው ሳቀ።

"ልጄ፣ እንጀራ ዓይን የሚያወጣው ወጡን እንዲጠጣ ነው" አለኝ። "ጀልባ ግን እንዲጠጣ አንፈልግም።"

የመጨረሻው ዓይነት ልባሱ ወፍራም ነበር። አባቴ ውሃ ጉድጓድ ከሚቆፍሩ ሰዎች ያገኘውና ሥራ ሳይሰጠው ያስቀመጠው ነው። ሲበይድበት አስቸገረው፤ አልያያዝ ይላል፣ ተያይዞ ይጣበቃል፣ ጫፉን ከላሜራው ትንሽ ካራቁት ያኮርፋል። ሞርሳው ላይ ሲቀጠቀጥ ግን ላሜራው ራሱ ታጠፈ እንጂ ስፌቱ አልተሰበረም። አባቴ ቁራጩን ወደ ብርሃን አንስቶ አገላብጦ አየው።

"በአመሉ አይደለም የሚመረጥ" አለ። "ይሄ ነው።"

ወሬው ዋጃ ድረስ ደርሶ ጋሽ ካሳ በባጃጅ መጡ። ጋሽ ካሳ በወጣትነታቸው አሰብ ወደብ ላይ መርከብ ሲበይዱ የኖሩ ናቸው፤ ቢያንስ እሳቸው እንደሚሉት። አፍ ዳገት አይፈራም፣ እሳቸው ያልበየዱት መርከብ የለም። ኤሌክትሮዱን አንስተው አሸተቱትና መልሰው አስቀመጡት።

"ምርጫው ደህና ነው፤ ግን ይሄ ነገር እርጥበት ጠላቱ ነው" አሉ። "ልባሱ ከአየሩ ላይ ውሃ ይጠጣል። ከምድጃ አውጥተህ ትኩሱን ካልበየድክበት ከበሩ ኤሌክትሮድ የባሰ ነው የሚሆንብህ።"

"ጋሽ ካሳ፣ አሰብ እኮ ባሕር ዳር ነው" አላቸው አባቴ። "እኛ ያለን ቆቦ ነው። እዚህ አገር ቋንጣ እንኳን ጥላ ውስጥ ይደርቃል።"

"ክረምት ነው ሰይድ።"

"ፀሐይዋ መቼ ክረምት ታውቃለች!"

ማንም የቆቦ ሰው በእሱ ቦታ ቢሆን ይህንኑ ይል ነበር። ፀሐያችንን እኛ ስናማት እንውላለን እንጂ ሌላ ሰው ሲጠራጠራት አንወድም። ጋሽ ካሳ ተቀይመው ወደ ዋጃ ተመለሱ። እኔም የክረምቱን ሥራዬን አገኘሁ። አባቴ ኤሌክትሮዶቹን ከእናቴ በርበሬ ጎን ቆርቆሮ ላይ አሰጣቸው፤ የእኔ ሥራ ማገላበጥ፣ ዶሮ መከላከልና ደመና ሲመጣ መጮኽ ነበር። በርበሬውና ኤሌክትሮዱ አንድ ላይ ሲግሉ የሚያስነጥስ ሽታ ነበራቸው። አመሻሽ ላይ ሰብስቤ በጆንያ ጠቅልዬ አስገባቸዋለሁ፤ ትኩስ ስለሚሆኑ ደረቅ መስለውኝ ነበር፤ አባቴም እንደዚያው መስሎታል።

ጀልባው ቅርጽ ሲይዝ ግቢያችን መንገደኛ የሚቆምበት ሆነ። "ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባ!" ይላሉ አሮጊቶቹ። አንዱ ገበሬ አጥሩ ላይ ተደግፎ "ሰይድ፣ ዘንድሮ ጎርፉ እስከምን ሊደርስ ነው የነገሩህ? ለእኔና ለበሬዎቼ ቦታ ያዝልን እንጂ!" ብሎ ሰፈሩን አሳቀ። አባቴ ማስኩን ሳያነሳ "አንተን እጭናለሁ፤ በሬዎችህ ግን ባለቤታቸው ያሳፍራቸዋል" አለው። ኸረ አባቴ መልስ አያጣም።

በዚህ መሐል ከድጃ ወንድ ልጅ ወለደች። አህመድ መጣ። ረጅምና ዝምተኛ ነው፤ ልጁን ታቅፎ ግድግዳ ግድግዳ ሲያይ ዋለ። ሲሄድ ከድጃ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች። እኔ ያንን ለቅሶ በራሴ መንገድ ተረጎምኩት፤ ሐይቁን ፈርታ ነው፣ ባሏን ጠልታ ነው፣ እንዳይወስዳት ነው አልኩ። ለማዳን ቆረጥኩ። እንዴት እንደማድናት ግን አላውቅም ነበር።

ነሐሴ ሲጋመስ የጀልባው ስፌት አለቀ። ደንበኛ የሆነ፣ የተስተካከለ ስፌት ነበር፤ አባቴ ጣቱን እያስኬደበት ያፏጫል። መሞከሪያውን ከጋሽ ካሳ ሰምቶ ያውቃል። ከውጭ በኩል ስፌቱን በሙሉ ኖራ ቀባነው። ከውስጥ በኩል ደግሞ ነጭ ጋዝ በጨርቅ አጠጣነው። ጋዝ ውሃ የማያልፍበትን ያልፋል፤ ቀዳዳ ካለ በነጩ ኖራ ላይ እርጥብ ነጥብ ሆኖ ይወጣል። ከዚያ መጠበቅ ብቻ ነው።

መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ። ከሆዱ ሥር ተኝቼ ነበር። አንድ ነጥብ ወጣ፣ ከጎኑ ሌላ፣ ከዚያ በመስመሩ ሁሉ ላይ ፈንጣጣ እንደወጣበት ፊት ሆነ።

"ያፈሳል!" ብዬ ጮኽኩ። "አባ፣ ያፈሳል!" ከሥሩ ወጥቼ እየሮጥኩ ቤት ገባሁ። "እቴ፣ አትሄጂም! ጀልባው ያፈሳል!"

ከድጃ ልጇን እያጠባች ነበር። አንድ ጊዜ አየችኝና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ደስ ብሏት ነው ብዬ እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

ስመለስ አባቴ ጀልባው ፊት ቁጢጥ ብሎ ነጥቦቹን ያያል። አብሮት የሚሠራው ሁሴን ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ሰይድ፣ ጥቃቅን ናቸው እኮ። ስቱኮ እንምታበትና ሁለት እጅ ቀለም እንቀባው። ማን ያያል?" አለው።

"ውሃው ያያል" አለ አባቴ።

ተነስቶ እጁን ታጠበ። ከዚያ ጠራኝ። ሊቆጣኝ መስሎኝ ከበሩ ሥር ቀረሁ፤ እሱ ግን ላሜራው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጎኑን መታ መታ አድርጎ አስቀመጠኝ።

"ደስ ብሎሽ ነው የጮኽሽው።"

"አይደለም።"

"አትዋሺኝ። ከድጃ እንዳትሄድብሽ ነው።"

እንባዬ መጣ።

"ስሚኝ ዘይኑ" አለ። "ይሄን ጀልባ እኔ ወድጄዋለሁ። ሁሴንም ወዶታል። የወደደ ሰው ቀዳዳ አያይም። እኔ የሚያስፈልገኝ የጠላው ሰው ነው። ከዛሬ ጀምሮ ተቆጣጣሪው አንቺ ነሽ። ቀዳዳ እስካገኘሽ ድረስ ከድጃ አትሄድም። ካጣሽ ግን ትሄዳለች። ተስማማን?"

እጄን ዘርግቼ ጨበጥኩት። ቆቦ ውስጥ ከእኔ የሚበልጥ ባለሥልጣን እንደሌለ ሆኜ ነው ወደ ቤት የገባሁት።

በማግስቱ አባቴ ዋጃ ሄዶ ጋሽ ካሳን ይዟቸው መጣ። እሳቸው መንገዱን ሁሉ "አልነገርኩህም?" ሲሉት እንደመጡ ከፊቱ ያስታውቅ ነበር። ኤሌክትሮዱ እርጥበት ጠጥቷልና ምድጃ ያስፈልጋል ተባለ፤ ምድጃ ያላት ደግሞ ጎረቤታችን እትዬ ብርሃኔ ናት። ዳቦ ጋጋሪ ናት፤ ግቢያችንን የሚለየው አንድ ግድግዳ ነው።

"ኸረ ሰይድ! ዳቦዬ ብረት ብረት ቢልብኝስ?" አለች።

"ዳቦው ከወጣ በኋላ ነው። በንጹሕ ትሪ።"

"የጾም ዳቦ የሚወስዱብኝ ቄሶች አሉ እኮ።"

"ብርሃኔ፣ ለከድጃ ነው።"

ለከድጃ መሆኑን ስትሰማ ነገሩ ተለወጠ። ከድጃን በጀርባዋ አዝላ ያሳደገቻት እሷም ናት። ምድጃውን ከፈተችና ዱቄት ቆንጥራ የምድጃው ወለል ላይ በተነች። ዱቄቱ ወዲያው ሲጠቁር "ለዳቦ በዝቷል፣ ለእናንተ ብረት ግን ይሆናል" አለች። ጋሽ ካሳ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ።

የእኔ ሥራ ከፀሐይ ወደ እሳት ተዛወረ። ኤሌክትሮዶቹ ከምድጃው ሲወጡ ክዳን ባለው ቧንቧ ውስጥ ይገባሉ፤ ቧንቧውን በጋቢ ጠቅልዬ እንደ ሕፃን ታቅፌ አባቴ ጋ አደርሳለሁ። ጥቂት ጥቂቱን ነው፤ አባቴ ያን እስኪጨርስ ሌላው ምድጃው ውስጥ ይቆያል። ጋቢዬ ዳቦ ዳቦ ይሸታል። አሮጌው ስፌት በሙሉ በግራይንደር ተቆርጦ ወጣ፤ የዚያ ጩኸት ጥርስ ያስነክሳል፤ እናቴ የሕፃኑን ጆሮ በሁለት እጇ ይዛ ትውላለች። ሰፈርተኛው ደግሞ "ብርሃኔ የሰይድን ብረት አበላችን" እያለ ያማል፤ ግን ዳቦ መግዛቱን አላቆመም። አባቴ በትኩሱ ሲበይድ ድምፁ ራሱ ሌላ ነበር፤ የመጀመሪያው ይንጣጣ ነበር፣ ይሄኛው ለዘብ ያለ፣ ዘይት ውስጥ ቀስ ብሎ የሚበስል ነገር ድምፅ ነበረው።

እንደገና ኖራ፣ እንደገና ጋዝ። እኔ ሆዱ ሥር ተኝቼ መስመር በመስመር መረመርኩ። ከጎኑ በኩል ጥቂት ነጥቦች አገኘሁ፤ በኩራት እየጠቆምኩ አሳየሁ። አባቴ ቆርጦ ደገማቸው። በሚቀጥለው አንድ ብቻ አገኘሁ፤ ታችኛው ላሜራ አፍንጫው ላይ ከጎኖቹ ጋር በሚገናኝበት ጥግ፣ የሽንብራ ግማሽ የማታክል። ጋሽ ካሳ እንኳን መነጽራቸውን አድርገው አላዩዋትም ነበር። "ይቺ ልጅ አሰብ ብትኖር ደመወዝ ይቆረጥላት ነበር" አሉ። ያቺን ነጥብ ሳገኝ የተሰማኝን ደስታ ዛሬም አስታውሰዋለሁ። አባቴም ደስ ብሎት ነበር፤ እኔ ከድጃ ቀረች ብዬ ስደሰት የእሱ ደስታ ግን አልገባኝም።

በመጨረሻው ሙከራ ቀኑን ሙሉ ፈለግኩ። ኖራውን በገዛ እጄ ደግሜ ቀባሁ፣ ጋዙን ደግሜ አስጠጣሁ፣ ጉንጬን ላሜራው ላይ አስጠግቼ በጎን አየሁ። ኖራው ነጭ ነው። ሁሉም ቦታ ነጭ ነው። ከድጃ ልጇን አዝላ መጥታ አጠገቤ ቁጢጥ አለች።

"አገኘሽ?"

"ገና ነኝ።"

"ዘይኑ" አለች። ልጇን ጀርባዋ ላይ አስተካከለች። "እኔ እኮ አህመድ ናፍቆኛል። ቤቴም ናፍቆኛል። ሐይቁን እፈራዋለሁ፤ ግን ናፍቆኛል።"

ለካ ያ ሁሉ ለቅሶ ናፍቆት ነበር። ተናደድኩ፤ በማን እንደሆነ ግን አላውቅም። ከጀልባው ሥር ለመውጣት ፈቃደኛ ሳልሆን ብዙ ተኛሁ። ከዚያ ወጥቼ አባቴ ፊት ቆሜ "አጣሁ" አልኩት። "ደግመሽ ፈልጊ" አለኝ። "ፈልጌያለሁ። አጣሁ" አልኩ። አቀፈኝ፤ ልብሱ የተቃጠለ ብረት ይሸት ነበር።

መስከረም ጠብቶ ጀልባው በጭነት መኪና ተጫነ፤ እኛም ተከትለን ወረድን። ሐይቁን ሳይ ውሃው ወዴትም አይሄድም። ቆሜ ጠበቅኩት፤ አልሄደም። ወንዶቹ ጀልባውን በግንድ ላይ እያንከባለሉ አወረዱት፤ ሆዱ ውሃውን ሲነካ ትንሽ ተንገዳገደና ተስተካክሎ ቆመ። መንደሩ በሙሉ ከማዶ በታንኳ ተሻግሮ መጥቷል። ማንም ቀድሞ መግባት አልፈለገም።

የከድጃ አማት እማ ሀዋ ጥቁር ሻሽ አስረው ከዳር ቆመዋል። የልጅ ልጃቸውን የበላው ይህ ውሃ ነው። አባቴን ሰላም ካሉት በኋላ ዓይናቸውን በሰዉ መሐል አዞሩ።

"ያቺ ቀዳዳ ስትፈልግ የከረመችው ልጅ የታለች?"

አባቴ ትከሻዬን ይዞ ወደፊት ገፋ አደረገኝ። እማ ሀዋ ጎንበስ ብለው እጄን ያዙ።

"እህትሽ እንዳትሄድ ትፈልጊ ነበር አሉኝ።"

"አዎ።"

"አሁንስ?"

"አሁንም እንድትሄድ አልፈልግም" አልኩ።

"እንግዲያ አንቺ ንገሪኝ ልጄ። ያፈሳል?"

ሁሉም ያየኛል። እናቴ፣ አህመድ፣ ልጇን ታቅፋ የቆመችው ከድጃ። "ያፈሳል" ብል ያን ዕለት ከድጃ ከእኛ ጋር ትመለስ ነበር፤ እማ ሀዋ የልጅ ልጅ ያጡ ሰው ናቸው፣ ሁለተኛ አይጠይቁም። ቃሉ አፌ ላይ ነበር። የሕፃኑ እግር ከመጠቅለያው ወጥቶ ሲንፈራገጥ አየሁ።

"አያፈስም እማ ሀዋ" አልኩ። "እኔ ፈልጌ አጥቻለሁ።"

እማ ሀዋ ቢስሚላህ ብለው ራሳቸው ቀድመው ገቡ። ተቀመጡና ሕፃኑን ለመቀበል ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። ከድጃ ግንባሬን ስማኝ፣ ልጁን አቀበለች፣ ተሳፈረች። አህመድ መቅዘፊያውን አነሳ።

እህቴን የዳራት አባቴ ነው። ወደ ቤቷ የሸኘኋት ግን እኔ ነኝ።